ነጩ ድንጋይና ቢጫው

  

ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር አብረን እንይ። ይህ በእጄ ያለው ነጭ ድንጋይ እብነበረድ ነው። ከዚሁ ከክልላችን፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የወጣ ነው፤ ጠራቢዎች ቆርጠው የጣሉት ቁራጭ። በሚስማር ፍቄ ትንሽ ዱቄት ብርጭቆው ውስጥ አድርጌያለሁ። አሁን ግማሽ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ፊት ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ጆሮም አስጠጉ። ቸስ ሲል ሰማችሁት? አረፋውንስ አያችሁት?

ሎሚው ኮምጣጣ ነው፤ በትምህርት ቤት ቋንቋ አሲድ እንለዋለን። ድንጋዩ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ድንጋዩ የሎሚውን ኮምጣጣነት ይበላዋል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እኛ ስንተነፍስ የምናወጣው ያው አየር። ድንጋዩ ለመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በሆዱ ይዞት ኖሮ ዛሬ በግማሽ ሎሚ ለቀቀው።

አሶሳ ላይ ቆሞ «ከመሬት የሚወጣ ሀብት» ያለ ሰው ቢጫውን ማለቱ ነው። ወርቅ። ወርቅን አልጠላም፤ ብዙ ልጅ አሳድጓል፣ ብዙ ቤት ቆርቆሮ አልብሷል። ነገር ግን ወርቅ በግራም የሚመዘን ነገር ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት በኩንታልና በቶን ስለሚመዘኑት፣ ሲያዩዋቸው ስለማያብረቀርቁት፣ ማንም ዘፈን ስላላወጣላቸው ነገሮች ነው። ኖራ፣ ዩሪያ፣ ክሎሪን፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ሲሚንቶ፣ የሰልፈር አሲድ። የዚህ ክልል ሰው ሆድ የሚጠግበውም፣ ልጁ ከተቅማጥ የሚድነውም፣ የወርቁም ጉዳይ ራሱ ሰላም የሚያገኘው በእነዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከነዚህም ሁሉ የማስበልጠው ኖራን፣ ማለትም ይህን ነጭ ድንጋይ ነው።

ገበያ ውስጥ «ኬሚካል አለበት» ከተባለ መርዝ አለበት ማለት ሆኗል። ቃሉ ተበድሏል። ጨው ኬሚካል ነው። ውሃ ኬሚካል ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ሁለት ነው፦ ስሙ ማን ነው? ልኩስ ምን ያህል ነው? ስሙና ልኩ የታወቀ ነገር አገልጋይ ይሆናል፤ ስሙ የጠፋ፣ ልኩ የተረሳ ነገር ቤት ያፈርሳል።

ዛሬ ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ እጃችሁ ምን ምን ነካ? ፊት የታጠባችሁበት ሳሙና በኮስቲክ ሶዳና በዘይት የተሠራ ነው። ልብሳችሁን ያጠባችሁበት ኦሞ፣ ሳህኑን ያጠባችሁበት ላርጎ ከትልልቅ የአሲድ ፋብሪካዎች የመጣ ሰልፈር አለበት። ከዓለም ኬሚካሎች ሁሉ በብዛት ከሚመረቱት ቀዳሚው የሰልፈር አሲድ ነው፤ በዓመት ከ250 ሚሊዮን ቶን በላይ። ይህ አሲድ በመኪናችሁ ባትሪ ውስጥም አለ። በአገራችን አዋሽ መልካሳ ላይ የሚገኘው ፋብሪካ አሲዱን ያመርታል፤ ከአሲዱም አሉሚኒየም ሰልፌት ይሠራል። ይህ በየከተማው ውሃ ልማት የሚጨመረው፣ የደፈረሰን ውሃ የሚያጠራው ነጭ ነገር ነው። ከድንበር ማዶ ሱዳን ውስጥ እናቶች የዓባይን ጭቃ ውሃ በሽፈራው ፍሬ ዱቄት ሲያጠሩ ኖረዋል፤ የፋብሪካው ዱቄትና የእናቶቹ ዱቄት የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ በውሃው ውስጥ ተበታትኖ የሚንሳፈፈውን ጭቃ አሰባስበው ወደ ታች ያዘቅጡታል። እንዲህ ያለውን የእናቶች ዕውቀት የሚንቅ የኬሚስትሪ መምህር ካለ፣ ትምህርቱን ገና አልጨረሰም እላለሁ።

አሁን ወደ እርሻው ልውሰዳችሁ፤ ዋናው ጉዳዬ እዚያ ነው።

የአሶሳ አፈር ቀይ ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ጥልቅ ነው፤ ማንጎውን አይታችሁታል። ግን ኮምጣጣ ነው። ምክንያቱ ዝናቡ ነው። ከባድ ዝናብ ለሺህ ዓመታት ሲወርድ የኖረበት መሬት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ውሃው አጥቦ ይወስድበታል፤ የሚቀረው ብረትና አሉሚኒየም ነው፤ ቅላቱም የብረቱ ነው። የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ ለዓመታት ሲያጠኑት ቆይተዋል። ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ወደ 43 በመቶው አሲዳማ ነው ይባላል፤ ከወለጋ እስከ ጎጃም፣ ከጉራጌ እስከ ሲዳማ።

አፈር ሲኮመጥጥ ምን ይሆናል? የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ 7 መካከለኛ ነው። 6 ከሆነ ከ7ቱ አሥር እጥፍ ኮምጣጣ ነው፤ 5 ከሆነ መቶ እጥፍ። አፈሩ ከ5.5 በታች ሲወርድ በውስጡ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይፈታል፤ የተፈታው አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ያሳርረዋል። በቆሎውን ነቅላችሁ ሥሩን እዩት፤ አጭር፣ ወፍራም፣ እንደተቆረጠ ጣት ዱልዱም ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለ ሥር ውሃ ፍለጋ ወደ ታች አይወርድም፤ ዝናብ አንድ ሳምንት ከዘገየ ይጠወልጋል። በዚህ ላይ ደግሞ በብድር ገዝታችሁ የጨመራችሁት ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ይኸው አፈር ይዞ ያስቀረዋል። ገበሬው «መሬቱ ማዳበሪያ በላብኝ» ሲል እውነቱን ነው፤ ቃል በቃል በላበት።

ስለ ማዳበሪያው ላውራ። ገበሬዎቻችን ነጩ የሚሉት ዩሪያ ከአየር የተሠራ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከመቶ 78ቱ ናይትሮጅን ነው፤ ግን ማንም ተክል እንዳለ ሊበላው አይችልም። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር በ1909 እ.ኤ.አ. ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አጋብቶ አሞኒያ የሚያወጣ መሣሪያ አሳየ፤ በ1913 ኦፓው ላይ በካርል ቦሽ መሪነት ፋብሪካ ሆነ። ዛሬ ዓለም በዓመት ወደ 180 ሚሊዮን ቶን አሞኒያ ያመርታል፤ ከሰው ልጅ ግማሽ ያህሉ የሚበላው በዚህ ነው። አንድ ባለ 50 ኪሎ የዩሪያ ጆንያ ውስጥ 23 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። አገራችን ይህን ሁሉ በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ ስታስገባ ኖራለች። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመትከል ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሟል፤ ጋዙ ከኦጋዴን ነው። ፋብሪካው ሲደርስ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰው ይህን አይነግራችሁም። ዩሪያ ራሱ አፈሩን ያኮመጥጠዋል። በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ዩሪያውን ሲለውጡት አሲድ ይለቃሉ። በየዓመቱ ዩሪያ እየጨመርን ኖራ ካልጨመርን አፈሩ ወደባሰበት ይሄዳል። ነጩ ማዳበሪያና ነጩ ድንጋይ ባልና ሚስት ናቸው። እኛ ግን ባልየውን ብቻ ጠርተን ድግስ እንደግሳለን።

ኖራ እንግዲህ ይህ ነው። ይህ ድንጋይ ተፈጭቶ አፈር ውስጥ ሲገባ፣ ሎሚው ላይ ያያችሁትን እዚያም ይሠራል፤ በዝግታ፣ ያለ ድምፅ። አሉሚኒየሙን መልሶ ያስረዋል፤ ፎስፈረሱን ይፈታዋል። ለአንድ ሄክታር ስንት ያስፈልጋል? በአፈር ምርመራ ነው የሚታወቀው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከ2 እስከ 4 ቶን ይሆናል። 3 ቶን ብንል 60 ጆንያ ነው። ለዚያው ሄክታር የሚገዛው ዩሪያ ግን ጥቂት ጆንያ ብቻ ነው። ገበሬው ኖራ የማይጨምረው ስላልገባው አይደለም፤ 60 ጆንያ በአህያ ማን ያመላልስለታል? ከአዲስ አበባ እስከ እዚህ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ነው። ከመሀል አገር ተፈጭቶ ተጭኖ የሚመጣ ኖራ እዚህ ሲደርስ ከድንጋዩ ይልቅ የመንገዱ ዋጋ ይበልጣል።

እና እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። የእኛ ክልል በእብነበረዱ የታወቀ ነው። የዳለቲ እብነበረድ የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ወለልና ደረጃ ሆኗል። ድንጋይ ሲቆረጥ ቁራጩና ዱቄቱ ይጣላል፤ የሚጣለውም ጥቂት አይደለም። እብነበረድ ማለት ደግሞ በምድር ሆድ ውስጥ ሙቀትና ጫና ያበሰለው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ኬሚካሉ ያው ነው። አንዳንዱ ማግኒዚየምም አለበት፤ ለእኛ አፈር እሱም ያስፈልገዋል። ነጭ ድንጋያችንን አለስልሰን ለሌላ ከተማ ወለል ሰደድን፤ ቁራጩን ጣልን፤ ከዚያ ኮምጣጣ አፈራችን ላይ ቆመን ኖራ ከሩቅ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ቁራጩ ተመርምሮ፣ ደቅቆ ተፈጭቶ ለእርሻ ይዋል የሚል ሐሳብ ያለኝ ለዚህ ነው። ምርመራው የግድ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ አይደለም። ወፍጮውም ቀላል አይደለም፤ ዱቄቱ ካልደቀቀ ድንጋይ እርሻ ላይ እንደመበተን ነው። ግን ከዚህ የበለጠ ቅርብ ሀብት አይታየኝም።

ኖራ ሌላም ቦታ አለ። ድንጋዩን ወደ 900 ዲግሪ ብታቃጥሉት ከመቶ ኪሎው 44ቱ አየር ሆኖ ይሄዳል፤ 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ይቀራል፤ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዐይን ያጠፋል፤ ስለዚህ እርሻ ላይ የምንበትነው የተቃጠለውን ሳይሆን የተፈጨውን ነው። የጎንደር ግንቦች ድንጋይ ለድንጋይ የተያያዙት በኖራ ነው። ድንጋዩን ከሸክላ አፈር ጋር አብራችሁ አብዝታችሁ ብታቃጥሉት ደግሞ ሲሚንቶ ይሆናል፤ ዓለም በዓመት ከ4 ቢሊዮን ቶን በላይ ያመርታል። ጉባ ላይ ያለውን የሕዳሴ ግድባችንን አስቡት፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከፍታው 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,780 ሜትር፣ ዋናው ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ነው። ያ ሁሉ ዓባይን የያዘው በዚህ ነጭ ድንጋይ ዘመድ ነው።

ግድቡ ሊያመነጭ የሚችለው 5,150 ሜጋ ዋት ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ብታሳልፉ ሦስት ነገር ይወጣል፦ ክሎሪን፣ ኮስቲክ ሶዳና ሃይድሮጅን። ጨው አፋር አለ። ኃይሉ እዚህ አለ። ከክሎሪኑ በረኪና፣ ከሶዳው ሳሙና ይሆናል። ዓለም ይህን ሥራ የሚሠራው ርካሽ ኃይል ባለበት ነው፤ ለምን እኛ ጋ አይሆንም?

በረኪና ካነሳሁ በዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክሎሪን ሁለት ፊት አለው። አንደኛውን ፊት አባቶቻችን ያውቁታል፤ በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች በሰሜን ግንባር ያዘነቡት የሰናፍጭ ጋዝ ክሎሪንና ሰልፈር ያለበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ወር ጄኔቫ ላይ ቆመው ስለዚያ መርዝ ለዓለም ተናገሩ። ሁለተኛው ፊት ግን በመጠጥ ውሃችን ውስጥ ያለው ነው። አተት ሲነሳ፣ በስደተኛ ጣቢያም ሆነ በገጠር ቀበሌ፣ ሞትን ቀድሞ የሚቆመው ክሎሪን ነው። ውሃ አጋር የሚባለውን ትንሽ ጠርሙስ ታውቁታላችሁ። መመሪያውን አንብባችሁ፣ በክዳኑ ለክታችሁ ጄሪካን ውስጥ ትጨምራላችሁ፤ 30 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን ቀርቶ ልጃችሁን ይጠብቀዋል። አንዱ መርዝ፣ ሌላው መድኃኒት፤ ልዩነቱ ስምና ልክ ነው።

አሁን የራሴን ላውጋችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቴ ውስጥ የሆነ ነው። በረኪና የገዛነው ከበርሜል እየቀዳ በችርቻሮ ከሚሸጥ ሰው ነበር፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ሰጠን። ጠርሙሱን ከውሃው ጄሪካን አጠገብ አስቀመጥነው። የአራት ዓመት የእህቴ ልጅ ከጨዋታ ጠምቶት ገባ፤ ሃይላንድ አየ፤ አንስቶ ተጎነጨ። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አንዷ ጎረቤት «እንዲያስታውክ አድርጉት!» አለች፤ ሌላዋ ወተት ይዛ ሮጠች። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ የጠየቀችን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ምንድን ነው የጠጣው? ምን ያህል የበረታ ነው?» መልስ አልነበረንም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የማዕድን ውሃ ስም ነበር። እኔ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ፣ ቤቴ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ስም መናገር አቃተኝ። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሃይላንድ ውስጥ ከውሃ ሌላ አላስቀምጥም።

እናቶቼ፣ ይህን ያዙልኝ። በረኪና ወይም ኮስቲክ ሶዳ የጠጣ ልጅ እንዲያስታውክ አታድርጉ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ነገር ሲወጣ ደግሞ ያቃጥላል። አፉን አጥቡት፤ ጠርሙሱን ራሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። በረኪናን ደግሞ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ያው ክሎሪን ነው፤ በሩን ዘግቶ የሚያጥበው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ቢጫው ድንጋይ። እዚህ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ይቅር በሉኝ።

የቤኒሻንጉል ወርቅ ለዚህ ምድር በረከትም መዘዝም ሆኖ ኖሯል። በ1821 እ.ኤ.አ. የግብጹ ሙሐመድ ዓሊ ጦር ወደ ሱዳን ሲዘምት ከፈለጋቸው ነገሮች አንዱ የፋዞግሊና የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበር። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር እዚህ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ የአካባቢው ገዥ ሼህ ሆጀሌ ለዐፄ ምኒልክ ግብር የከፈሉት በወርቅ ነው። በእነዚያ ዘመናት ሁሉ ወርቁን ከአሸዋው የለየችው ግን ወንዝ ዳር ጎንበስ ያለች እናት ናት። ገበቴዋን በውሃ ታዞረዋለች፤ ቀላሉ አሸዋ ይፈስሳል፤ ከባዱ ከታች ይቀራል። ይህ ጥበብ ውሃና ክንድ እንጂ ሌላ ኬሚካል አይጠይቅም። ከዓለም ንጹሕ ወርቅ አንዱ ነው ብል አላፍርም።

ኋላ ባዜቃ መጣ። ሜርኩሪ። ዐረብኛ የምትናገሩ ዚእበቅ ትሉታላችሁ። ፈሳሽ ብረት ነው፤ አንድ ሊትሩ 13.6 ኪሎ ይመዝናል። ወርቅ ሲያገኝ ይውጠዋል። ደቃቁን ወርቅ ሁሉ ከአሸዋው ሰብስቦ ይይዛል፤ በጨርቅ ሲጨመቅ ግራጫ ድቡልቡል ይሆናል። ያን ድቡልቡል በማንኪያ ላይ አድርገው ከሰል ምድጃ ላይ ያስቀምጡታል። ያ ምድጃ ምናልባት ጠዋት ቡና የተቆላበት ነው። ግራጫው ቀስ በቀስ ይገረጣል፤ ከዚያ ቢጫው ብቅ ይላል፤ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል።

ባዜቃው የት ሄደ? የድቡልቡሉ ግማሽ ያህል ክብደት እኮ እሱ ነበር። አልጠፋም። እንፋሎት ሆኗል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አያስልም፤ አያስለቅስም። የተነፈሱት ሰው ሳንባ ከመቶ ሰማንያውን ያህል ይቀበለዋል። ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አእምሮና ኩላሊት። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ መርሳት፣ መነጫነጭ ይከተላሉ። እርጉዝ ሴት ከተነፈሰችው በማህፀን ያለው ልጅ ይካፈላታል። የቀረው እንፋሎት በጣሪያው ቆርቆሮና በሣሩ ላይ ይለጠፋል፤ ቤቱ ሲሞቅ እየተነነ ተመልሶ ይወርዳል። በዓለም ላይ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ባዜቃ ትልቁ ድርሻ የሚወጣው ከባህላዊ ወርቅ ማውጣት ነው።

ይህ ነገር መሬት ላይም አይቀርም። የዳቡስ ወንዝ ወደ ዓባይ ይገባል፤ የሚገባውም ከግድቡ በላይ ነው። ስለዚህ ዳቡስ የሚሰበስበው ሁሉ ከግድቡ በስተጀርባ ወዳለው ንጋት ሐይቅ ይገባል። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ባዜቃን ወደ ሌላ፣ የባሰ ዓይነት ይለውጡታል። ትንሹ ዓሣ ይወስደዋል፤ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል፤ በየደረጃው ይከማቻል። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ባዜቃ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ሲለቅ ኖሮ በ1956 እ.ኤ.አ. ዓሣ በሚበሉ ቤተሰቦች ላይ በሽታው ታወቀ፤ ፋብሪካው ግን እስከ 1968 ድረስ አላቆመም። ዓለም ስለ ባዜቃ የፈረመው ስምምነት የሚጠራው በዚያች ከተማ ስም ነው። አዲስ ውሃ የተኛበት መሬት ደግሞ ይህን ለውጥ ያፋጥነዋል። በንጋት ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ወጣቶቻችን እየበዙ ናቸው። ዓሣው ከአሁኑ በየዓመቱ እንዲመረመር እጠይቃለሁ፤ ዛሬ መመርመር ነገ ከማልቀስ ይቀላል።

ባዜቃ ለሚጠቀም ሰው «ተው» ብቻ ብዬ አልሄድም፤ ልጆቹን በምን ያሳድግ? መጀመሪያ፣ ወርቁ ትልልቅ ፍሬ ከሆነ እንደ እናቶቻችን በገበቴ ማጠብ ይበቃል። የታጠበውን ደቃቅ ወርቅ በቦራክስ ማቅለጥ ይቻላል፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ቤንጌት የሚባል አካባቢ ያሉ ወርቅ አውጪዎች ይህን ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ወርቅ አንጥረኞቻችንም ቦራክስን ያውቁታል። ባዜቃ የግድ ነው የሚል ደግሞ በክፍት ማንኪያ አያቃጥል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብረት ዕቃ፣ ከክዳኑ የሚወጣ ቧንቧ፣ ቧንቧው ላይ እርጥብ ጨርቅ፤ እንፋሎቱ በቧንቧው ሲያልፍ በርዶ ፈሳሽ ሆኖ ይንጠባጠባል። በደንብ ከተሠራ ከመቶ 95ቱን ባዜቃ መልሶ ይሰጣችኋል። የቧንቧውን አፍ ግን ከታች በምታስቀምጡት ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ ከውሃው በላይ ትንሽ ከፍ ይበል። ከተነከረ ዕቃው ሲበርድ ውሃውን ወደ ጋለው ብረት ይስበዋል፤ ይፈነዳል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከልጆችና ከእርጉዞች ርቆ ይሁን። ባዜቃ በገንዘብ ትገዙታላችሁ፤ በየምሽቱ ገንዘባችሁን ልጃችሁ ሳንባ ውስጥ ማቃጠል ምን ይባላል?

በሳያናይድ ወርቅ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ግላስጎው ውስጥ በ1887 እ.ኤ.አ. የተገኘ ዘዴ ነው፤ ዛሬ ትልልቅ የወርቅ ፋብሪካዎች በብዛት የሚሠሩት በዚህ ነው። በኩርሙክ በኩል በዲሽ ተራራና በአሻሽሬ ያለውን ወርቅ ለማውጣት አላይድ ጎልድ የተባለው ኩባንያ መትከል የጀመረው ፋብሪካም የዚህ ዓይነት ነው። ድንጋዩ ይደቅቃል፤ በሳያናይድ ውሃ ይታጠባል፤ ወርቁ ይሟሟል፤ ከዚያ ከሰል ይዞ ያወጣዋል። እዚህ ላይ ነጩ ድንጋይ ተመልሶ ይመጣል። የሳያናይዱ ውሃ ኮምጣጣ ከሆነ ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች ሁልጊዜ ኖራ ይጨምሩበታል፤ ፒኤቹን ከ10 በላይ አድርገው ይይዙታል። ሠራተኛውን ከሞት የሚጠብቀው ኖራ ነው።

ኖራ የማያውቅ፣ ፒኤች የማይለካ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ፕላስቲክ አንጥፎ ሳያናይድ ካፈሰሰበት፣ የሠራው የሞት ጉድጓድ ነው። ከብት ይጠጣዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ሞልቶ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ሠለጠነ በሚባለው ዓለም እንኳ በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ሮማንያ ባያ ማሬ ላይ የወርቅ ፋብሪካ ኩሬ ተደርምሶ ወደ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ሳያናይድ ያለበት ውሃ ወንዝ ገባ፤ እስከ ዳንዩብ ድረስ ዓሣ ጨረሰ። በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ ነዋሪው ስለ ጤናው ባሰማው ቅሬታ ምክንያት ታግዶ ነበር። ስለዚህ የኩርሙክ ሰው ከፋብሪካው ሥራ ብቻ አይጠይቅ፤ የኩሬውን ውሃ ማን፣ በየስንት ቀኑ ይለካል? ውጤቱ በየትኛው ቋንቋ፣ የት ይለጠፋል? በበርታኛም፣ በአማርኛም፣ በዐረብኛም ይለጠፍ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ። ብርጭቆውን ተመልከቱት፤ ቸስ ማለቱን ትቷል። ከዱቄቱ ጥቂቱ ከታች ቀርቷል፤ የሎሚው ኮምጣጣነት አልቋል።

ዘንድሮ ጓሮዬ ውስጥ ሁለት መደብ አዘጋጅቻለሁ። ለአንደኛው ከዚህ ድንጋይ የተወቀጠ ዱቄት ከመዝራቴ ከአንድ ወር በላይ ቀድሜ ጨምሬ እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ከአፈሩ ጋር ቀላቅያለሁ፤ ሁለተኛውን እንዳለ ትቼዋለሁ። ሁለቱም ላይ ያው በቆሎ፣ ያው ዩሪያ ነው። ክረምቱ ሲገፋ ሥሩን ነቅለን እናያለን፤ የሚመጣ ሰው ካለ በሬ ክፍት ነው። ስትመጡ ከእርሻችሁ አንድ እፍኝ አፈር በፌስታል ያዙ፤ ከላይኛው ሳይሆን አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ ከታች። የመለኪያው ወረቀት እኔ ጋ አለ። ፌስታሉ ላይ የቀበሌያችሁንና የእርሻችሁን ስም ጻፉበት።